የጉልበት ራጅና የመገጣጠሚያ ክፍተት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጉልበቱን ያመመው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዝለት ራጅ ነው። ሐኪሙም በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል ያለውን ክፍተት ያያል። ከጠበበ “ጉልበትዎ ተበልቷል” ይባላል። ግን ክፍተቱን የሚያጠበውም የሚያሰፋውም በሽታው ብቻ አይደለም። የራጁ አነሳስም ነው።

ራጅን ተኝቶ መነሳት። ከሁሉም የሚከፋኝ ይሄ ነው። ሰው አልጋ ላይ ሲጋደም ክብደቱ ጉልበቱ ላይ አያርፍም። ካርቲሌጁ (የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ) ሳስቶ እንኳ አጥንቶቹ ተራርቀው ሊታዩ ይችላሉ። “ምንም የለብዎትም” ተብሎ ይመለሳል፤ ደረጃ ሲወጣ ግን ያው ሕመም። ራጁ ለክፍተት ከሆነ በሁለት እግር ቆሞ፣ ክብደትን እኩል አሳርፎ፣ ሁለቱም ጉልበቶች አብረው ቢነሱ ጥሩ ነው። ያዘዘው ሐኪም ወረቀቱ ላይ “ቆሞ” ብሎ ይጻፍ። ታካሚውም “ቆሜ ነው የምነሳው?” ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ነውር የለውም። በአደጋ ስብራት የተጠረጠረበት ሰው ግን ይቁም አይባልም።

ራጁን ጉልበት ቀጥ ብሎ ብቻ ማንሳት። ካርቲሌጁ ብዙ ጊዜ የሚሳሳው ጉልበት ሲታጠፍ በሚነካካው የኋለኛ ክፍል ነው። የአጥንት ሐኪሙ ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት አነሳስ ለዚህ ነው፦ ታካሚው ቆሞ ጉልበቱን 45 ዲግሪ ያጥፋል፣ ጨረሩ ከኋላ ወደ ፊት፣ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ታች አዘንብሎ ይተኮሳል። ቀጥ ባለው ፊልም ላይ ደህና የመሰለ ጉልበት በዚህኛው አጥንት ለአጥንት ተነካክቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ክፍተቱን ካርቲሌጅ ነው ብሎ ማሰብ። ተራ ራጅ ካርቲሌጅን አያሳይም። የሚታየው በአጥንቶቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። በዚያ ውስጥ ሜኒስከስም አለ፤ በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ነው። ሜኒስከሱ ከቦታው ወደ ውጭ ከወጣ ወይም ከተጎዳ ክፍተቱ ይጠባል።

የጉልበት ሎሚውን መርሳት። ደረጃ ሲወርዱ ከፊት ለፊት የሚያም ከሆነ፣ ከሎሚው ሥር ያለው ክፍተት ከፊት በተነሳ ፊልም አይለይም። የጎንና ጉልበት ታጥፎ በሎሚው አቅጣጫ የሚነሳ ራጅ ያስፈልጋል።

በተለያየ አነሳስ የተነሱ ፊልሞችን ማወዳደር። አምና ተኝቶ፣ ዘንድሮ ቆሞ የተነሳ ሰው ክፍተቱ ቢጠብ “በአንድ ዓመት ባሰበት” ማለት አይቻልም። የዓመት ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። እግር ትንሽ ቢዞር ወይም ጨረሩ ቢያዘነብል ይህን ያህል ልዩነት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የድሮውን ፊልም አይጣሉ። እንዴት እንደተነሳም ይመዝገብ።

ሰውየውን ትቶ ፊልሙን ማከም። ሐኪሞቹ ኬልግረንና ላውረንስ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጡት፣ የመገጣጠሚያ መበላትን በራጅ የሚመዝን መለኪያ ከ0 (ደህና) እስከ 4 (ከባድ) ይሄዳል። “4 ደርሷል” ሲባል ብዙ ሰው ቀዶ ሕክምና የግድ ይመስለዋል። አይደለም። ክፍተታቸው ጠቦ ያለ ብዙ ሕመም የሚራመዱ አሉ፤ ፊልማቸው ንጹሕ ሆኖ የሚሰቃዩም አሉ። አንዳንዴ የሕመሙ ምንጭ ዳሌ ነው፤ ጉልበቱን ብቻ ደጋግሞ ራጅ ማንሳት መልስ አይሰጥም። ውሳኔው በሕመሙ፣ በምርመራውና ሰውየው ማድረግ ባቃተው ነገር ላይ ይመሥረት። ጉልበት በድንገት አብጦ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ስለ ክፍተት አይታሰብም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።