ቫይረስን ከፍሳሽ ውስጥ መፈለግ፦ ሁሉም ነገር ናሙናው ላይ ነው

በሽተኛው ሐኪም ቤት ሳይደርስ ፍሳሹ ቀድሞ ይናገራል። በ2022 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የፖሊዮ ቫይረስ የታወቀው በፍሳሽ ናሙና ነው፤ አንድም ሰው ሽባ ሳይሆን። ለዚህ ነው ናሙና አወሳሰድ ላይ ድርቅ የምለው።

ከማጣሪያ ጣቢያው መግቢያ ቅዱ፣ ፍሳሹ ገና ሳይታከም። 24 ሰዓት ሙሉ ጥቂት ጥቂት እየቀዳ የሚያጠራቅም መሣሪያ ካለ እሱን እመርጣለሁ። ከሌለ ጠዋት፣ መጸዳጃ ቤት በሚበዛበት ሰዓት ቅዱ፤ ሁሌም በዚያው ሰዓት። ጓንት፣ መነጽርና የፊት መከላከያ ግድ ነው። ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙሉት። ክዳኑን አጥብቁ፣ ውጪውን በክሎሪን ጥረጉ፣ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ በማይለቅ ቀለም ጻፉ። ከዚያ ወዲያው በረዶ ያለው ሳጥን ውስጥ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ። አርኤንኤ፣ ማለትም የቫይረሱን የዘር መረጃ የያዘው ሞለኪውል፣ ሙቀት ላይ ቶሎ ይበላሻል።

ላብራቶሪው ቫይረሱን አሰባስቦ በፒሲአር፣ ማለትም የዘር መረጃውን እያባዛ በሚለይ ምርመራ፣ ይፈልገዋል።

ዝናብ ፍሳሹን ስለሚያቀጥነው የቫይረሱ ቁጥር ያለ ምክንያት የወረደ ይመስላል። የፍሳሹን መጠን አብራችሁ መዝግቡ። ከምንበላው በርበሬ መጥቶ ሰገራ ውስጥ የማይጠፋ የተክል ቫይረስም አለ፤ እሱ ለማነጻጸሪያ ይለካል።

ኮቪድ ከሆነ በአንድ ውጤት አትደንግጡ፤ የሳምንታቱን አካሄድ እዩ። ፖሊዮ ከሆነ ግን አንዱም ይበቃል፤ በዚያው ቀን ለጤና ባለሥልጣን አሳውቁ።