ትኩረታችሁን የት እንደምታውሉት እንዴት ትመርጣላችሁ?

በነፃ የምናየው ነገር ነፃ አይደለም። ፌስቡክና ኢንስታግራምን የያዘው ሜታ ከገቢው ከ95 በመቶ በላይ የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያው የሚሸጠው ደግሞ እኛ ስክሪኑ ላይ ስለምንቆይ ነው። ብር ስታወጡ እንደምትመርጡ ሁሉ እዚህም ምረጡ።

መጀመሪያ ሂሳቡን እዩ። የስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ የትኛው አፕ ላይ ስንት ሰዓት እንደቆያችሁ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። ከየአፑ ጎን ትናንት ካያችሁት የምታስታውሱትን አንድ ነገር ጻፉ። እኔ ይህን ስሞክር ሁለት ሰዓት ከፈጀብኝ አፕ ጎን የምጽፈው አጣሁ፤ የት መቀነስ እንዳለብኝ ያኔ ገባኝ።

ቀጥሎ ኖቲፊኬሽን። ሰው ለእናንተ ብሎ የላከው ይድረሳችሁ። አፑ ራሱ «እገሌ አዲስ ፎቶ ለጠፈ» እያለ የሚጠራችሁን ዝጉት።

አውቶፕሌይንም፣ ማለትም አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ የሚጀምርበትን፣ አጥፉ። ድሮ ገጹ ሲያልቅ «ይበቃኛል ወይስ ልቀጥል?» የምንልበት ፋታ ነበር። ያንን ፋታ ያጠፋውን ማለቂያ የሌለው ስክሮል እ.ኤ.አ. በ2006 የሠራው አዛ ራስኪን ራሱ በኋላ እንደተጸጸተበት ተናግሯል። ስለዚህ ፋታውን ራሳችሁ ፍጠሩ፦ አፑን ከመክፈታችሁ በፊት ምን ልታዩ እንደሆነ ለራሳችሁ ተናገሩ፣ እሱን ስትጨርሱ ውጡ።

ከሁሉም የሚከብደው የሚያናድዳችሁን ነገር አለመመገብ ነው። አንዱ ዓይን ያወጣ ውሸት ይለጥፋል፣ እናንተም ደማችሁ ፈልቶ አስር ደቂቃ ሙሉ መልስ ትጽፋላችሁ፣ ትሰርዛላችሁ፣ እንደገና ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ «እዩት ይሄን!» ብላችሁ ለጓደኛ ትልካላችሁ። ምን እንደምናይ ለሚመርጥልን የአፑ አልጎሪዝም ግን ስድብም ብዙ ጊዜ እንደ ፍላጎት ነው የሚቆጠረው፤ ኮመንት በበዛ ቁጥር ልጥፉ ሌላ ሰው ጋ ይደርሳል። ሰውዬው የፈለገውም ይህንኑ ነው። ዝም ብሎ ማለፍ ሽንፈት ሊመስላችሁ ይችላል፣ ግን አይደለም። «ፍላጎት የለኝም» የሚለውን ንኩና እለፉ። ውሸቱ ሰው የሚጎዳ ከሆነ ሪፖርት አድርጉት፤ እውነቱን መናገር ካለባችሁም በራሳችሁ ገጽ ጻፉት እንጂ የእሱን ሊንክ አታዙሩለት።

የተረፋችሁን ጊዜ ደግሞ ለሚገባው ስጡ። ጥሩ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ምረጡና አልጎሪዝሙ እስኪያመጣላችሁ ሳትጠብቁ ራሳችሁ ገጻቸው ላይ ግቡ። ከቻላችሁ ክፈሏቸው። ካልቻላችሁ ሥራቸውን እስከ መጨረሻው እዩትና ይጠቅመዋል ለምትሉት አንድ ሰው ላኩለት።