ውሃ ሳይጠፋ ጀሪካን ሙሉ

ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል አስቡ። አምስት ሰው ላለበት ቤት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የአንድ ቀን ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ይኑራችሁ።

ጋዝ ወይም ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካን ተዉት፤ ፕላስቲኩ የመጠጠው በእጥበት አይለቅም። ሌላውን በሳሙና እጠቡ። ከዚያ 1 ሊትር ውሃ ላይ 1 የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምራችሁ እያገላበጣችሁ 30 ሰከንድ ናጡት፣ በደንብ አለቅልቁት።

ለ20 ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ሊትር በረኪና ይበቃል፤ 5 በመቶ አካባቢ የሆነ፣ ሽቶ የሌለበት። በዓይን አትገምቱ፣ ከፋርማሲ ሲሪንጅ ግዙ። ውሃው ከደፈረሰ በንጹሕ ነጠላ አጥልሉና መጠኑን 4 አድርጉት። 30 ደቂቃ ይቆይ። ክዳኑ ሲከፈት ትንሽ የክሎሪን ሽታ ከሌለው መጠኑን ደግማችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ዓመት የቆየ ወይም ፀሐይ ያገኘው በረኪና ጉልበቱ ይቀንሳል።

ማፍላት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ጀርም በመግደል እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ግን ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ደግሞ የፈላው ኩባያ ሲነከርበት ተመልሶ ይበከላል። ክሎሪን ውሃው ውስጥ ስለሚቆይ፣ ለሚቀመጥ ውሃ እኔ በረኪናውን እመርጣለሁ። ያም ሆኖ አዘንብላችሁ ቅዱ። ውሃውን በየስድስት ወሩ ቀይሩት።