የተፈጥሮ ጋዝ ማመንጫ ሲታቀድና ሲሠራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በማሽኑ ሰሌዳ ላይ ያለውን ሜጋዋት እንዳለ መቀበል

አምራቹ የሚጽፈው አቅም የሚለካው በባሕር ጠለል ከፍታ፣ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ60 በመቶ እርጥበት ነው። የጋዝ ተርባይን (ጋዝ አቃጥሎ በትኩሱ ጭስ የሚሽከረከረው ማሽን) ኃይል የሚወሰነው በሚስበው አየር ክብደት ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ኃይሉም ይቀንሳል። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። እዚያ የተተከለ ባለ 100 ሜጋዋት ተርባይን 75 አካባቢ ቢሰጥ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ቆላ ሲወርዱ ደግሞ ችግሩ ሙቀት ይሆናል፤ በ35 ዲግሪ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይጎድላል። ለሙቀቱ መላ አለው፦ ደረቅ አየር ባለበት ቦታ መግቢያው ላይ ውኃ በመርጨት አየሩን ማቀዝቀዝ ይቻላል። ለከፍታው ግን ሲታቀድ ተለቅ ያለ ማሽን ከመምረጥ ሌላ ብዙ አማራጭ የለም።

ለማይመጥነው ሥራ መግዛት

ብቻውን የሚሠራ ተርባይን ከነዳጁ ኃይል 40 በመቶ ገደማ ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ግን ይነሳል። 600 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰውን ጭስ ቦይለር ውስጥ አስገብቶ በእንፋሎት ሁለተኛ ተርባይን የሚያዞረው ጥምር ጣቢያ 60 በመቶ ይደርሳል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ለመነሳት ግን ሰዓታት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ለምሽት ጭነት (የኤሌክትሪክ ፍላጎት ለሚጨምርበት ሰዓት)፣ ሁለተኛው ቀንና ሌሊት ለማይቋረጥ ሥራ ነው። ከ90 በመቶ በላይ ኃይሏን ከውኃ ለምታገኝ እንደ ኢትዮጵያ ላለች አገር ጥያቄው ጣቢያው በድርቅ ዓመት ስንት ወር ይሠራል የሚለው መሆን አለበት።

ቧንቧን በጋዝ ማጽዳት

ከብየዳ የቀረ ብረትና ዝገት ወደ ተርባይኑ እንዳይገባ አዲስ ቧንቧ በኃይል ይነፋል። ጋዙ በእጅ ስላለ በእሱ መንፋት ቀላል ይመስላል። እ.ኤ.አ. የካቲት 7 ቀን 2010 በአሜሪካ ኮነቲከት፣ ሚድልታውን፣ በግንባታ ላይ በነበረው ክሊን ኢነርጂ ጣቢያ በዚሁ መንገድ የተለቀቀው ጋዝ በሕንፃዎቹ መካከል ተጠራቅሞ ፈነዳ፤ 6 ሠራተኞች ሞቱ። በተጨመቀ አየር ወይም በናይትሮጅን ይነፋ። ናይትሮጅን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰውን ድምፅ ሳያሰማ እንደሚያፍን ግን አይዘንጋ።

ከከሸፈ ማስነሻ በኋላ ወዲያው መሞከር

ያልተቃጠለ ጋዝ በጭስ መስመሩና በቦይለሩ ውስጥ ይቀራል። እንደገና ከመለኮስ በፊት ማሽኑን ያለ ነዳጅ አዙሮ የቦታውን ይዘት ቢያንስ አምስት ጊዜ በአየር መተካት ያስፈልጋል። ጊዜ ለመቆጠብ ይህን ማሳጠር አይሞከርም።

እርጥብ ጋዝ ማስገባት

የጋዝ ግፊት በአንድ ባር (የግፊት መለኪያ) ሲወርድ ሙቀቱ ግማሽ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከ70 ወደ 35 ባር ሲወርድ 17 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ያኔ ከባዱ የጋዙ ክፍል ጠብታ ይሆንና የነዳጅ አፍንጫዎቹን ያቃጥላል። ስለዚህ ጋዙ ጠብታ መሥራት ከሚጀምርበት ሙቀት በ28 ዲግሪ ያህል በላይ እስኪሆን መሞቅ አለበት። ማጣሪያ ብቻውን ይህን አይተካም።

ጋዙንና መብራቱን እንደ ሁለት ነገር ማየት

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ቴክሳስ በብርድ ስትመታ የጋዝ ጉድጓዶችና የጣቢያዎች መለኪያ ቱቦዎች በረዶ ሆኑ። ጭነት ለመቀነስ መብራት ሲቆረጥ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የጋዝ መጭመቂያዎችም አብረው ጨለሙ፤ አንዳንዶቹ ከማይቆረጡ ደንበኞች ዝርዝር ውስጥ አልገቡም ነበርና። ጋዝ ሲያንስ ማመንጫ ቆመ፣ ማመንጫ ሲቆም ጋዝ ይበልጥ አነሰ። 60 ሄርዝ መሆን ያለበት የግሪዱ (የኤሌክትሪክ መረቡ) ፍሪኩዌንሲ እስከ 59.3 ወረደ፤ ከ59.4 በታች 4 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ቆየ። 9 ደቂቃ ቢሞላ ጣቢያዎቹ ራሳቸውን መነጠል ይጀምሩ ነበር። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶች መብራት አጡ። መከላከያው ይህ ነው፦ የመጭመቂያ ጣቢያዎችን መስመር አስቀድሞ መመዝገብ፣ ተርባይኑ በናፍጣም እንዲሠራ ማድረግና የጥቂት ቀን ናፍጣ በግቢው ማቆየት፣ ቱቦዎቹን ማልበስ። ናፍጣውም በየጊዜው በማሽኑ ላይ ይሞከር፤ ለዓመታት ሳይነካ የቆመ ናፍጣ ማጣሪያ ይደፍናል።