አሮጌ ላፕቶፕን ለስትራቴጂ ጌም እንዴት እናዘጋጅ? የአዳማን ሙቀት ለሚያውቁ

ስትራቴጂ ጌም ሲጀመር ማንኛውም ላፕቶፕ ጎበዝ ነው። ሁለት ከተማ፣ አንድ ዘማችና ጥቂት ገበሬ ብቻ ስላለ ሁሉም ነገር ፈጠን ፈጠን ይላል። ጉዱ የሚታየው ወደ መጨረሻው ነው። ከተማው በዝቶ ሠራዊቱ ሲከማች ፋኑ ይጮኻል፣ ኪቦርዱ እጅ ያቃጥላል። ኮምፒውተሩ የሱን ተራ እስኪጨርስ ሻይ አፍልታችሁ ትመለሳላችሁ። ያኔ አብዛኛው ሰው "ይሄ ላፕቶፕ አርጅቷል፣ ይሸጥ" ይላል።

እኔ አይሸጥ ባይ ነኝ። በየሱቁ ያገለገሉ ተብለው የሚሸጡት ኤሊትቡክ፣ ላቲቲዩድና ቲንክፓድ ለቢሮ ሥራ የተሠሩ ጠንካራ ዕቃዎች ናቸው። አንድ ስድስተኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ5 (ኢንቴል ይህን ትውልድ ያወጣው በፈረንጆቹ 2015 ነው) ያለው ላፕቶፕ አብዛኛውን የስትራቴጂ ጌም ይሸከማል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ሁለት ነገር ነው፤ ሙቀትና አሮጌ ሃርድ ዲስክ። ሰው ግን መጀመሪያ የሚገዛው ራም ነው። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ስለ ግራፊክስ ካርድም ብዙ ይወራል። ስትራቴጂ ጌም ላይ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ፕሮሰሰሩ ነው። ተቃዋሚዎቻችሁን ወክሎ የሚያስበው፣ የእያንዳንዱን ወታደር መንገድ የሚያሰላው እሱ ነው። ፕሮሰሰር ደግሞ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች እዚህ ውሳኔ ላይ የሚደርሱት 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። የክፍላችሁ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ፕሮሰሰሩም ያን ያህል ይጨምራል። በሚያዝያ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ አዳማ ውስጥ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መጫወትና ማታ መጫወት ለዚያ ነው አንድ የማይሆነው። አቧራው ሲጨመርበት አስቡት። ከተማው ዙሪያ ያሉት ኮረብቶች ላይ የንፋስ ተርባይን የተተከለው እንዲሁ ለጌጥ አይደለም። ያ ንፋስ አቧራ ይዞ ነው ቤታችን የሚገባው።

መጀመሪያ ለኩ

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) ላይ ከሆናችሁ ኤልኤም-ሴንሰርስን ጫኑና ተርሚናል ላይ "ሴንሰርስ" የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። ከዚያ ብዙ ሠራዊት ያለበትን፣ የዘገየባችሁን ጌም ክፈቱና ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫወቱ። ፕሮሰሰሩ ከ95 በላይ ወጥቶ ፍጥነቱ ከወረደ፣ ችግሩ ሙቀት ነው። ሙቀቱ ደህና ሆኖ ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተቸክሎ ካገኛችሁት፣ ወደ ኤስኤስዲው ክፍል እለፉ። ሁለቱም ከሆነ ሁለቱንም ትሠራላችሁ።

መክፈትና ማጽዳት

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

ላፕቶፑን አጥፉ። ስሊፕ አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። ሺፍት ተጭናችሁ "ሻት ዳውን" ብትሉት ዊንዶውስ በትክክል ይዘጋል። ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጡት። ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ክዳኑ እንደተከፈተ የመጀመሪያው ሥራችሁ የባትሪውን ገመድ መንቀል ነው። ውስጠ ባትሪ ያላቸው ብዙ ቲንክፓዶች ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ፣ ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ፣ "ኮንፊግ" ቀጥሎ "ፓወር" ሥር፣ ባትሪውን የሚያቋርጥ ምርጫ አላቸው። ከመክፈታችሁ በፊት እሱን ብትጠቀሙ ይሻላል። ባትሪው እንደተሰካ ካቻቢቴ ቦርዱ ላይ ቢወድቅ ሾርት ያደርጋል፣ ጨዋታውም እዚያው ያበቃል።

ብሎኖቹን ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ስላችሁ፣ እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ ሰክታችሁ አስቀምጡ። ብሎኖች ርዝመታቸው ይለያያል። አንድ ጊዜ ጥገና ቤት የሰጠሁት ላፕቶፕ የእጅ ማረፊያው ላይ ትንሽ እብጠት ይዞ ተመለሰ። ረጅሙን ብሎን አጭሩ ቀዳዳ ውስጥ በግድ አስገብተውት ነው። እብጠቱ ዛሬም እጄ ሥር ይሰማኛል።

ክዳኑ ሲከፈት ፋኑን፣ የመዳብ ቱቦውንና ቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን ፍርግርግ ታያላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ እፍፍ ብሎ ይዘጋል። አቧራው ያለው ግን በሚታየው ቦታ አይደለም። ፋኑን የያዙትን ትንንሽ ብሎኖች ፍቱና ፋኑን አንሱት። በፋኑና በፍርግርጉ መካከል የተጠቀጠቀ ግራጫ ንጣፍ ታገኛላችሁ። አቧራ፣ ፀጉር፣ የብርድ ልብስ ክር፣ ሁሉም አንድ ላይ ተጋግሮ አየር የሚወጣበትን መንገድ ዘግቶታል። በጥፍር ጫፍ ይዛችሁ ስትስቡት ሙሉ ቁራጭ ሆኖ ይላቀቃል። ፋኑ ቢጮህም ሙቀቱ ያልወጣው በዚህ ነው። የቀረውን ለስላሳ ደረቅ የቀለም ብሩሽ ያጸዳዋል።

ጎሚስታ ጋ ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው። አልመክርም። ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው አየር ውሃና ዘይት ሊይዝ ይችላል። ግፊቱ ፋኑን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ያሽከረክረዋል፣ ከውጭ ሲነፋ ደግሞ ያንን ንጣፍ ወደ ውስጥ ይበትነዋል። በምንም ብትነፉ የፋኑን ክንፍ በጣት ይዛችሁ ይሁን።

ቀጥሎ ቴርማል ፔስት። ይህ በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል የሚቀባው ነገር ነው። ዓመታት ሲያልፉ ይደርቅና ሙቀት ማስተላለፉ ይዳከማል። መዳቡን የያዙት ብሎኖች አጠገብ ብዙ ጊዜ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር አለ። በቁጥሩ መሠረት እያንዳንዱን ጥቂት ጥቂት እያላላችሁ ዙሩ። አንዱን ጨርሶ ፈትቶ ወደ ሌላው መሄድ መዳቡን ያዘነብለዋል፣ ጫናውም አንድ ጥግ ላይ ያርፋል። ላፕቶፕ ላይ ፕሮሰሰሩ እንደ ዴስክቶፕ የብረት ክዳን የለውም፤ ቺፑ ራቁቱን ነው። ጥግ ጥጉ በቀላሉ ይሸረፋል። ለዚያው ነው የደረቀውን ፔስት በቢላ መፋቅ የማይፈቀደው። ስቲኪኒ ወይም የአሮጌ ካርድ ጠርዝ በቂ ነው።

ለመጥረግ አልኮል ያስፈልጋል። 99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል ካገኛችሁ ምርጥ ነው። ካጣችሁ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 ፐርሰንቱ ይሠራል፣ ውሃ ስላለበት ግን በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም። ሶፍት ክር ስለሚተው የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ይሻላል።

አዲሱ ፔስት ግማሽ የምስር ክክ የምታክል ጠብታ ናት፣ መሀል ላይ። አትቀቡት፣ መዳቡ ሲጫነው ራሱ ይዘረጋል። መዳቡን ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱና ብሎኖቹን እንደገና በቁጥራቸው፣ በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ። በትናንሽ ፌስታል የሚሸጠው ርካሽ ነጭ ፔስት ቶሎ ይደርቃል። እንደ ኤምኤክስ-4 ያለ የታወቀ ዓይነት አንድ ቲዩብ ግዙ፣ የጓደኞቻችሁንም ላፕቶፕ ያዳርሳል። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡም አሉ። እሱን ተዉት።

አንድ ነገር አትንኩ። ሌሎች ቺፖች ላይ ለስላሳ፣ ላስቲክ የመሰለ ቁራጭ ታያላችሁ። እሱን አንስታችሁ በፔስት አትተኩት። እዚያ ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ፔስት አይሞላውም።

ገጣጥማችሁ እንደገና ለኩ። ጌም ላይ ከ85 በታች ከቆየ ደስ ይበላችሁ። አሁንም ከፍ ካለ ዊንዶውስ ላይ በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ "ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት" የሚለውን ከ100 ወደ 99 አውርዱት። ፕሮሰሰሩ ተርቦ የሚባለውን ተጨማሪ ፍጥነት ይተዋል፣ ሙቀቱም በግልጽ ይወርዳል። ለቀን ጨዋታ ከፍ ዝቅ ከሚል ፍጥነት የማይዋዥቅ ፍጥነት እመርጣለሁ። ላፕቶፑን አልጋ ላይ አታስቀምጡት። ጠረጴዛ ላይ ይሁንና ከኋላው ሁለት የሃይላንድ ክዳን ሥሩ ክተቱ። አየር ከሥር ይገባል። በብር የሚገዛው መብራት የሚያብለጨልጭ ማቀዝቀዣ ከዚህ ብዙም የተሻለ ነገር ሲሠራ አላየሁም።

ኤስኤስዲ

ሃርድ ዲስክ እየዞረ የሚያነብ ማሽን ነው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ጌሙ ሲከፈትና የተቀመጠ ጨዋታ ሲጫን ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ተራ እስኪያልቅ ያለውን ጥበቃ ግን ብዙም አያሳጥርም፤ እሱ የፕሮሰሰሩ ጉዳይ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ቦታውን እዩ። በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባው 2.5 ኢንች ሳታ ነው። ላፕቶፑ ኤም ዶት 2 ቀዳዳ ካለው፣ ሳታ ይቀበል ወይስ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ሌላ ዓይነት፣ የሞዴሉን ስም ኢንተርኔት ላይ ጽፋችሁ አረጋግጡ። ቅርጻቸው ስለሚመሳሰል ሻጩ ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ከገዛችሁ በኋላ ኤችቱቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ፈትሹ። 1 ቴራ ተብሎ የተሸጠ ውስጡ ሌላ የሆነ ዕቃ ገበያ ላይ አለ። ፕሮግራሙ እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። የአሮጌውን ዲስክ ፋይል ባክአፕ ሳታደርጉ ግን ምንም አትጀምሩ። ዲስኩን ራሱን ኬዝ ገዝታችሁ የፎቶና የፊልም ማስቀመጫ አድርጉት።

ራም 8 ጊጋ ይብቃችሁ። ከተቻለ አንድ 8 ሳይሆን ሁለት 4 ይሁን። ቦርዱ ላይ ያለው ግራፊክስ ማህደረ ትውስታውን ከራሙ ስለሚበደር በሁለት መስመር ሲያገኝ ይፈጥናል።

ሲስተሙ

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 2018 ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮና ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) ያለውን ነው በይፋ የሚቀበለው። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ይህን ማለፍ ይቻላል፣ ብዙዎችም ያደርጉታል። የእኔ ምርጫ ሊኑክስ ሚንት ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀላሉ ዓይነት። ፋይሉን ማታ በሌሊት ጥቅል አውርዱ፣ በፍላሽ አስነሱ፣ ሳትጭኑት ሞክሩት። ዋይፋዩና ድምፁ ከሠራ ጫኑት። ስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራም) በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ ፕሮቶን በሚባለው መንገድ ብዙ የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ ያስኬዳል። ፒችትሪ የምትሠሩ የሒሳብ ሰዎች ግን ዊንዶውስ ላይ ቆዩ። ከሊኑክስ ጋር አትታገሉ።

"ሁሉም የተጫነበት" ተብሎ በፍላሽ የሚዞረውን ዊንዶውስ አልወደውም። ከነምኑ እንደመጣ ማን ያውቃል?

ጌሙ ራሱ

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በፈረንጆቹ 1999 የወጣ ቢሆንም ዛሬም ንጉሥ ነው። በፈረንጆቹ ከ2015 ወዲህ ኢትዮጵያውያን አሉበት። ሾተል የያዘው ዘማቻቸው ይፈጥናል፣ ይመታል፣ ግን ቶሎ ይሞታል። ዘመን በቀየራችሁ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ ስለሚሰጣችሁ ለጀማሪ ደግ ሕዝብ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሕዝቡን ጣሪያ ከ200 ወደ 125 አውርዱና ተቃዋሚ ቀንሱ። ከግራፊክስ ዝቅ ማድረግ የበለጠ የሚረዳው ይሄ ነው።

ሲቪላይዜሽን 5 ላይ (በፈረንጆቹ 2010 የወጣው) ኤፍ10ን ስትጫኑ ካርታው ወደ ጠፍጣፋ እይታ ይቀየራል። መጀመሪያ ያስጠላል፣ ከዚያ ትለምዱታላችሁ። ላፕቶፑም ይተነፍሳል። "ኩዊክ ኮምባት" እና "ኩዊክ ሙቭመንት" የሚሉትን አብሩ። ካርታው ትንሽ ይሁን፣ መንግሥታቱም ጥቂት። ተራውን የሚያስረዝመው የእነሱ ብዛት ነው። ስድስተኛው በምኒልክ መጫወት ያስችላል፣ ግን ከበድ ይላል። ትዕግሥት ላለው ሰው ነው።

ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ዜሮ ኤዲ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ጎረቤቶቻችን ኩሻውያንም አሉበት። ሠራዊት ሲበዛ ይጎተታል፣ እሱ የላፕቶፓችሁ ጥፋት ብቻ አይደለም። ዌስኖዝ የሚባለው ተራ በተራ የሚኬድ ጌምም ነፃ ነው፣ ምንም ነገር ላይ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ፣ ሙቀቱ ወርዶ፣ ጌሙ አሁንም ከተጎተተ ቻርጀሩን ተመልከቱ። በተለይ ዴል ላይ መሰኪያው መሀል ያለችው ቀጭን መርፌ የቻርጀሩን ማንነት ለላፕቶፑ ትናገራለች። መርፌዋ ከተሰበረች ወይም ቻርጀሩ የማይታወቅ ከሆነ ላፕቶፑ ፕሮሰሰሩን በጣም ያዘገየዋል፣ ባትሪውንም አይሞላም። ሲነሳ ስለ ቻርጀሩ የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ ብዙ ሰው ሳያነብ ያልፈዋል። ከጓደኛ ትክክለኛ ቻርጀር ተውሳችሁ ሞክሩና ከዚያ ግዙ።