የ2026 ተጠባቂ ጌሞችን ዝርዝር እንዴት እናውጣ?

በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ በሎስ አንጀለስ የሚካሄደው ዘ ጌም አዋርድስ ከሽልማቱ ይልቅ በሚያሳያቸው አዳዲስ ትሬለሮች (የጌም ማስተዋወቂያ ቪዲዮዎች) ይታወቃል። ብዙ ተጫዋቾች የመጪውን ዓመት ተጠባቂ ጌሞቻቸውን የሚመርጡት የዚያ ምሽት ግለት ሳይበርድላቸው ስለሆነ፣ ዝርዝራቸው የሚነግረን የትኛው ማስታወቂያ በደንብ እንደተቀነባበረ እንጂ የትኛው ጌም በእርግጥ እጃቸው እንደሚገባ አይደለም። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ አንድ ጌም በዝርዝሩ ላይ የሚያገኘው ደረጃ መወሰን ያለበት ሠሪዎቹ በገቡት ቃል ሳይሆን እስካሁን በተጨባጭ ባሳዩት ሥራ ነው። በምሳሌነት የተወሰዱት በአብዛኛው በ2026 ይወጣሉ የተባሉ ጌሞች ሲሆኑ፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር አቆጣጠሩ የጎርጎርሳውያን ነው፤ የመውጫ ቀናቱም በጃንዋሪ 2026 መግቢያ ላይ ይፋ የነበሩት ናቸው።

መጀመሪያ የመውጫ ቀኑ በምን ዓይነት አነጋገር እንደተነገረ ይመልከቱ። ወርና ቀን ቆርጦ የተናገረ ስቱዲዮና «በመፀው» ብሎ ያለፈ ስቱዲዮ እኩል እምነት አይጣልባቸውም፤ «በ2026» ብቻ ያለው ከሁለቱም ያንሳል፤ ምንም ቀን ያልተሰጠው ጌም ደግሞ ከነጭራሹ በዚህ ዓመት ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። ይሁን እንጂ የተቆረጠ ቀንም ቢሆን የሚታመነው እየቀረበ ሲሄድ ነው፤ ለዚህም ከግራንድ ቴፍት አውቶ 6 (ጂቲኤ 6) የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ሠሪው ሮክስታር በዲሴምበር 2023 የመጀመሪያውን ትሬለር ሲለቅ ጌሙ በ2025 እንደሚወጣ ተናግሮ ነበር፤ በሜይ 2025 ቀኑን ወደ ሜይ 26 ቀን 2026 አሻገረው፤ በኖቬምበር 6 ቀን 2025 ደግሞ እንደገና ወደ ኖቬምበር 19 ቀን 2026 ገፋው። ሁለተኛው መራዘም የተነገረው እናት ኩባንያው ቴክ ቱ የሩብ ዓመት የሒሳብ ሪፖርቱን ባቀረበበት ዕለት ነው። የቴክ ቱ የበጀት ዓመት የሚዘጋው ማርች 31 በመሆኑ፣ ጌሙ ከሜይ ወደ ኖቬምበር ቢሸጋገርም ሽያጩ ከታሰበለት የበጀት ዓመት አልወጣም፤ ይህም ለባለአክሲዮኖች መራዘሙን ቀለል የሚያደርግ ነገር ነው። ስለዚህ ትልልቅ ጌሞችን የሚጠብቅ ሰው በማስታወሻው ላይ የአሳታሚውን የሪፖርት ቀናት ቢመዘግብ፣ ስለ ጌሙ የሚናፈሰውን ወሬ በየቀኑ ከመከታተል የበለጠ ይጠቀማል። በእኔ ዝርዝር ላይ ይህ ጌም ከታች የተቀመጠው ስለማልጓጓለት ሳይሆን፣ ሁለት ጊዜ የተንቀሳቀሰ ቀን ሦስተኛ ጊዜ አይንቀሳቀስም ለማለት ገና ብዙ ወራት ስለሚቀሩ ነው።

ቀጥሎ የሚመዘነው የታየው ሥራ ነው። እንደ ሲኒማ የተቀነባበረ ትሬለር ከሁሉም ያነሰ ማስረጃ ነው፤ ሰው መቆጣጠሪያውን ይዞ ሲጫወት የሚያሳይ፣ ብዙ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ከዚያ ይሻላል፤ ማንም አውርዶ የሚሞክረው ዴሞ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ቤቴስዳ ዘ ኤልደር ስክሮልስ 6ን በጁን 2018 ሲያስተዋውቅ ያሳየው ከተራራማ መልክዓ ምድርና ከርዕሱ ያለፈ አልነበረም፤ ጌሙ እስካሁን የመውጫ ቀን አልተቆረጠለትም። የኢንሶምኒያክ ሥራ የሆነው ማርቭልስ ዎልቨሪን በሴፕቴምበር 2021 ይፋ ሆኖ በእጅ ሲጫወቱት የታየው ከአራት ዓመት በኋላ በሴፕቴምበር 2025 ነው፤ አሁን በ2026 መፀው ተብሎ የተሰጠው ጊዜም የሚታመንበት ያህል ክብደት ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ ረገድ ብዙ የሚያስተምረው የካፕኮም ፕራግማታ ነው። በ2020 ለ2022 ተብሎ ይፋ ሆነ፤ ወደ 2023 ተሻገረ፤ በጁን 2023 ጊዜው ሳይገለጽ እንዲዘገይ ተደረገ፤ በ2025 ግን በእጅ የሚሞከር ሆኖ ተመለሰ፤ በዲሴምበርም ለፒሲ ተጫዋቾች ዴሞ ተለቀቀለት። በወረቀት ላይ ታሪኩን ብቻ ያየ ሰው ይህን ጌም ሊሰርዘው ይችል ነበር። ዴሞውን የሞከረ ሰው ግን እየተኮሱ በተመሳሳይ ቅጽበት የጠላትን መሣሪያ መጥለፍ ምን ስሜት እንዳለው በእጁ ስላወቀው፣ ውሳኔውን በሰው ወሬ ላይ መመሥረት አያስፈልገውም።

የዚያው ኩባንያ ሬዚደንት ኢቭል ሪኩዊየም በዚህ መመዘኛ የዓመቱ አስተማማኝ ጌም ነው። በጁን 2025 ሲተዋወቅ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2026 ተብሎ የተቆረጠለት ቀን ከዚያ ወዲህ አልተነካም፤ በኦገስት ወር በጀርመን ኮሎኝ በተካሄደው ጌምስኮም የተባለ የጌም ትርዒት ላይ ጎብኚዎች በእጃቸው ሞክረውታል። ለፌብሩዋሪ 6 የተያዘው ኒዮ 3ም እንዲሁ ከወራት በፊት በፕሌይስቴሽን 5 ላይ የሙከራ ዴሞ ቀርቦለት፣ ሠሪዎቹ የተጫዋቾችን አስተያየት የሰበሰቡበት ነው። የሃውስማርክ ሳሮስ ከማርች 20 ወደ ኤፕሪል 30፣ የጀምስ ቦንዱ 007 ፈርስት ላይት ደግሞ ከማርች 27 ወደ ሜይ 27 ቢሸጋገሩም፣ ሁለቱም በእጅ ሲጫወቱባቸው በስፋት ስለታዩና መራዘሙም የሳምንታት ጉዳይ ስለሆነ ደረጃቸው ብዙ ዝቅ ሊል አይገባም። እንዲህ ያለው አጭር መራዘም ብዙውን ጊዜ ማጠናቀቂያ ላይ ያለ ሥራ ምልክት ነው።

ሆኖም «ጌሙ ጎልድ ሆኗል» የሚለው ዜና፣ ማለትም ለዲስክ የሚታተመው ቅጂ ተጠናቋል የሚለው ማስታወቂያ፣ ሁሉንም ጥርጣሬ ያስወግዳል ተብሎ መወሰድ የለበትም። ሳይበርፐንክ 2077 ጎልድ መሆኑ በኦክቶበር 2020 መጀመሪያ ከተነገረ በኋላ በዚያው ወር መጨረሻ እንደገና ተራዝሞ በዲሴምበር 10 ወጣ። በቀድሞዎቹ ኮንሶሎች ላይ የነበረበት ሁኔታ እጅግ የከፋ ስለነበር ሶኒ በቀናት ውስጥ ከመደብሩ አውጥቶት እስከ ጁን 2021 ድረስ አልመለሰውም። ሠሪዎቹ ከመውጫው ቀን በፊት የፕሌይስቴሽን 4ን ይዞታ በበቂ ሁኔታ አለማሳየታቸው በወቅቱ ትልቅ ምልክት ነበር። ስለዚህ ጌሙን የሚጫወቱበት መሣሪያ ላይ የተቀዳ ቪዲዮ ይፈልጉ፤ በኃይለኛ ፒሲ ላይ የተቀዳ ቪዲዮ ለኮንሶል ተጫዋች ማስረጃ ሊሆነው አይችልም።

መሣሪያ ከተነሳ አይቀር፣ ዝርዝሩ ላይ ከየጌሙ ስም ጎን የሚወጣበትን መሣሪያ መጻፍ ግዴታ ነው። ጂቲኤ 6 የመውጫ ቀን የተቆረጠለት ለፕሌይስቴሽን 5ና ለኤክስቦክስ ሲሪዝ ብቻ ነው። የሮክስታርን ልማድ ስናይ፣ ጂቲኤ 5 በሴፕቴምበር 2013 በኮንሶል ወጥቶ ፒሲ ላይ የደረሰው በኤፕሪል 2015 ሲሆን፣ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ም ከአንድ ዓመት በላይ አስጠብቋል፤ የፒሲ ተጫዋች ይህን ጌም በ2026 ዝርዝሩ ላይ ባያሰፍረው ይሻላል። የፒሲ ባለቤት በተጨማሪ የሚጠየቀውን የግራፊክስ ካርድ ማጣራት አለበት። በዲሴምበር 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌም ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን አካሄድ አስልቶ ማሳየት) የማይችል ካርድን ከነጭራሹ አይቀበልም ነበር፤ ካርዱ የቆየበት ሰው ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ለመጫወት እንኳ ዕድል አላገኘም። በአንጻሩ ካፕኮም ሞንስተር ሃንተር ዋይልድስ ከመውጣቱ በፊት ኮምፒዩተር የሚፈትሽ ነፃ ፕሮግራም አቅርቦ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዕድል ሲገኝ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መጠቀም ነው።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ ልናገር፤ በዲጂታል የሚሸጥ ጌም አልቆበት ስለማያውቅ አስቀድሞ መክፈል የሚሰጠው ጥቅም ከጥቃቅን ጌጣጌጥ አያልፍም። የፒሲ ጌሞች መደብር በሆነው ስቲም ላይ ጌሙን ዊሽሊስት (የምኞት ዝርዝር) ውስጥ ማስገባት ብቻ በቂ ነው፤ ሲወጣ ወይም ዋጋው ሲቀንስ በኢሜይል ይነገርዎታል። ስቲም በተገዛ በ14 ቀናት ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወቱትን ጌም ገንዘብ ይመልሳል፤ ፕሌይስቴሽን ስቶር ግን ማውረድ ከጀመሩ በኋላ ጌሙ ብልሽት ከሌለበት በቀር አይመልስም። ስጦታ ካርድ የሚገዙ ሰዎች ካርዱ የወጣበት አገርና አካውንቱ የተከፈተበት አገር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ አለባቸው፤ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የፕሌይስቴሽን ካርድ በዱባይ በተከፈተ አካውንት ላይ አይሠራም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ደግሞ አንድ ጌም ከናካቴው ላይሸጥ እንደሚችል አስቡ፤ በ2023 ፋይናል ፋንታሲ 16 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ሳይፈቀድ ቀርቷል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚጫወት ሰው ግን ከጌሙ ዋጋ እኩል የሚያሳስበው የዳታው ጉዳይ ነው። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር 100 ጊጋባይት ለማውረድ፣ መስመሩ ሳይቆራረጥ 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 በፒሲ 150 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። ዲስክ ብገዛ እገላገላለሁ የሚለው ሐሳብም ሁልጊዜ አይሠራም። በ2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ በፕሌይስቴሽን 5 ዲስኩ ላይ የነበረው ከ100 ሜጋባይት ያነሰ ሲሆን፣ የቀረው በኢንተርኔት የሚወርድ ነበር። የኒንቴንዶ ስዊች 2 ጌሞችም አንዳንዶቹ የሚሸጡት ጌሙን በማይዝ፣ ማውረጃ ቁልፍ ብቻ በሆነ ካርድ ነው፤ ይህ በማሸጊያው ላይ ስለሚጻፍ አንብቦ መግዛት ይቻላል። የአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ባለቤቶች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፤ ደንበኞቻቸው አሁንም «ፊፋ» የሚሉት የኢኤ የእግር ኳስ ጌም በየዓመቱ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ቀናቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ መጻፍ ለዕቅድ ይጠቅማል። የሬዚደንት ኢቭል ቀን የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ 007 ፈርስት ላይት ግንቦት 19 ይውላል፤ ይህም ተማሪ ለሆነ ሰው የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ዋዜማ ነው። የቻይናው ፋንተም ብሌድ ዜሮ የተያዘለት ሴፕቴምበር 9 ጳጉሜን 4 ስለሆነ ለዘመን መለወጫ ዕረፍት ይመቻል፤ የጂቲኤ 6 ኖቬምበር 19 ግን ኅዳር 10 ቀን 2019 ዓ.ም. በመሆኑ በእኛ አቆጣጠር የሚቀጥለው ዓመት ጌም ነው። ሰዓቱንም እንዲሁ ማስላት ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ይከፈታል የተባለ ጌም እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ በእነሱ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 ሰዓት (10 AM) የተባለው ደግሞ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ይሆናል።

ዝርዝሩን ከስድስት ወይም ከሰባት ጌሞች በላይ አያርዝሙት፤ ከእነዚህም ሁለቱን ቦታ ባዶ ይተዉ። በ2025 የዓመቱ ምርጥ ጌም ሽልማትን የወሰደው ክሌር ኦብስኩር ኤክስፔዲሽን 33 የሞንፔሊዬው ሳንድፎል የመጀመሪያ ሥራ ነበር፤ ዓመቱ ሲጀምር ብዙዎች በዝርዝራቸው አናት ላይ ያስቀመጡት ስም አልነበረም። ሃይፋይ ረሽ በጃንዋሪ 2023 የተዋወቀውም የወጣውም በአንድ ቀን ነው። ሆሎው ናይት ሲልክሶንግ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2019 ይፋ ሆኖ በየዓመቱ ሲጠበቅ ከርሞ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 እንደሚወጣ የተነገረው ሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀረው ነበር።

ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ በዓመቱ ውስጥ የሚከለስባቸው ጊዜያት አሉ። ፌብሩዋሪ፣ ጁንና ኦክቶበር ላይ የሚካሄደው ስቲም ኔክስት ፌስት በመቶዎች የሚቆጠሩ ነፃ ዴሞዎችን ስለሚያቀርብ ባዶዎቹን ቦታዎች ለመሙላት ከሁሉም ይመረጣል። የጁኑ ሰመር ጌም ፌስትና የኦገስቱ ጌምስኮም ደግሞ ለዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ የታሰቡት ጌሞች በእጅ ሲጫወቱባቸው የሚታዩበት ጊዜ ነው። ከእነዚህ መድረኮች በኋላ ቀን ያልተቆረጠለትን፣ ወይም አሁንም ከሲኒማ ትሬለር በቀር ያልታየውን ጌም ከ2026 ዝርዝር አውጥተው ወደ 2027 ገጽ ያዛውሩት።