የስፔስ ክለባችሁን ዲዛይን ልትቀይሩ ነው? መጀመሪያ ይሄን አንብቡ

ባለፈው የክለባችንን ሎጎ፣ ፖስተርና ማታ ስልክ ላይ የምንከፍተውን የሰማይ ካርታ በአንዴ ቀይረን ለቀቅነው፣ ጠዋት ሰው ሁሉ ተቆጥቶ ጠበቀን። "ማንን አማከራችሁ" ያለ አለ፣ "የኛ አይመስልም" ያለ አለ፣ አንዲት ልጅ ደግሞ ምንም ሳትናገር የድሮውን ሎጎ ፕሮፋይሏ ላይ አደረገችው። መጀመሪያ ያው ሰው አዲስ ነገር ሲያይ ይጮሃል፣ ይለምዱታል ብዬ ነበር፣ በኋላ አንድ በአንድ ሳነበው ግን አብዛኛው እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጨለማ ውስጥ ሞክሩት። ዲዛይነሩ ቀን ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የሚሰራው፣ የኛ ሰው ግን ካርታውን የሚከፍተው ከከተማ ወጥቶ ሜዳ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። አይን ጨለማውን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ያን ሁሉ ጠብቀህ አንድ ነጭ ስክሪን ፊትህ ላይ ቦግ ሲል በሰከንዶች ውስጥ ይበላሽና እንደገና ትጀምራለህ። ኮከብ የሚያይ ሰው ቀይ መብራት የሚይዘው ለዚህ ነው፣ በጨለማ የምናይባቸው የአይን ሴሎች ቀይ ብርሃን ብዙም አይሰማቸውም። እኛ ግን ቀዩን የማታ ገጽ "አርጅቷል" ብለን አውጥተን ሰማያዊ አደረግነው፣ ለነዚያ ሴሎች ደግሞ ሰማያዊ ከቀይ በጣም የባሰ ነው! በማግስቱ መለስነው።

ሁለተኛው ፎንት ነው፣ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። የስፔስ ነገር ሲሆን ሁሉም ሰው ጥቁር ባክግራውንድ ላይ ቀጭን ነጭ ፊደል ይወዳል፣ በእንግሊዝኛ ያምራል፣ በግዕዝ ፊደል ግን አይሆንም። የኛ ፊደል ልዩነቱ እግሩ ስር ባለች ትንሽ ጭረት ነው፣ ቢ እና ቤ፣ ሊ እና ሌ፣ ጥቁር ላይ ነጩ ሲፈስ ጭረቷ ትዋጣለች፣ አስቲግማቲዝም (ነገሩን አደብዝዞ የሚያሳይ የአይን ችግር) ላለበት ሰው ደግሞ ጭራሽ ይደበዝዛል። ወፈር ያለ ፎንት ምረጡ፣ መጠኑን ከእንግሊዝኛው ከፍ አድርጉት፣ ነጩን ወደ ግራጫ ትንሽ ሳብ አድርጉት፣ በመስመር መሃል አየር ስጡት። የፊደሉና የጀርባው ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን፣ ይሄን የሚለካ ነጻ መሳሪያ ሞልቷል። ከዛ ስልኩን ለእናታችሁ ስጡና "እስቲ አንብቢልኝ" በሏት።

ከመልቀቃችሁ በፊት አሳዩ፣ በተለይ ለቆዩት አባላት። ናሳ ራሱ እዚህ ጋ ተቸግሯል። እ.ኤ.አ. በ1959 የተሰራውን፣ ከዋክብትና ቀይ ክንፍ ያለበትን ክብ ሰማያዊ ሎጎ በ1975 በቀይ የተጠማዘዘ ጽሁፍ ቀየሩት፣ ኤ የምትባለዋ ፊደል የመሃል መስመሯ እንኳን የለችም። የዲዛይን ሰዎች አደነቁት፣ ከድሮው ጋር ሰው ጨረቃ ላይ ያወረዱት ሰራተኞች ግን ብዙዎቹ አልተቀበሉትም፣ በ1992 ዳን ጎልዲን ኃላፊ ሲሆን የድሮውን መለሰላቸው። እኔ በግሌ ቀዩን እወደዋለሁ፣ ግን የሰዎቹ ስሜት ይገባኛል፣ ያ ክብ ምልክት የልፋታቸው ማስታወሻ ነው።

ከለቀቃችሁ በኋላ ኮሜንቱን ዝም ብላችሁ አንድ ላይ አትዩት። "አይታየኝም"፣ "ካርታው የት ገባ" የሚለውን በዛው ቀን አስተካክሉ፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። "አስጠላኝ" ለሚለው ሁለት ሳምንት ስጡት፣ አይን ይለምዳል። "ድሮ ይሻል ነበር" የሚለውን ግን ጠይቁት፣ ምኑ ነው የቀረብህ በሉት፣ ብዙ ጊዜ አንድ ትንሽ ነገር ነው፣ ለምሳሌ እኛ ጋ የጨረቃዋን ቀን የምታሳይ ትንሽ ምስል ጠፍታ ነበር፣ ለመመለስ አስር ደቂቃ አልፈጀም። ደግሞ አትመልሱላቸው፣ አትከራከሯቸው የሚል አለ፣ እኔ አልስማማም፣ መልስ ስጡ፣ በስም እየጠራችሁ።

የድሮውን ፋይል በፍጹም እንዳታጠፉ። ናሳ የተወውን ቀይ ሎጎ በ2020 ሰው የያዘው ፋልከን 9 ሮኬት ላይ መልሶ ለጥፎታል፣ አሁን ሁለቱም አብረው አሉ። እኛም የድሮውን ለቲሸርት ልናስቀምጠው ተስማምተናል። ያቺ ልጅ ፕሮፋይሏን እስካሁን አልቀየረችም፣ እኔም እንዳትቀይሪው ብያታለሁ።